ከኤላ ልደት እስከ ዱክ ልደት፦ አምስት ቀን ከጋሼ ጋር

ከተመለስን ሶስት ሳምንት አለፈን፣ ማስታወሻው ግን ስልኬ ላይ ተቆራርጦ ተቀምጦ ነበር፣ ዛሬ ሰንበት ስለሆነና ስራ ስለሌለኝ ሰብስቤ ልፃፈው ብዬ ነው። ነገሩ የተጀመረው በክርክር ነው። ጋሼ (የአባቴ የልጅነት ጓደኛ ናቸው፣ ዲሲ 28 ዓመት ታክሲ ነድተው አሁን ጡረታ ወጥተዋል) የድሮ ቢግ ባንድ (ብዙ የትንፋሽ መሳሪያ ያለው ትልቁ የጃዝ ባንድ) ነፍሳቸው ነው፣ እኔም ነፍሴ ነው ግን እኔ የማዳምጠው ለድምፃውያኑ ነው፣ ኤላ ፊትዝጄራልድ፣ ቢሊ ሆሊዴይ፣ ሳራ ቮን ምናምን። እሳቸው ደግሞ "ባንዱ ፈረስ ነው ዘፋኝ ጋላቢ ነው፣ ፈረሱ ካልሮጠ ጋላቢው ምን ያደርጋል" ባይ ናቸው። የክቡር ዘበኛን ኦርኬስትራ በልጅነታቸው በአይናቸው ስላዩ ማንም አያሸንፋቸውም። እና ኤላ የተወለደችው ኤፕሪል 25፣ ዝነኛው የጃዝ ባንድ መሪ ዱክ ኤሊንግተን ደግሞ ኤፕሪል 29 መሆኑን ካሌንደር ላይ ሳይ ዘንድሮ 2025 ላይ አርብ ጀምሮ ማክሰኞ ያልቃል፣ ፋሲካም አልፏል፣ ፆም የለም፣ በቃ እንሂድ አልኳቸው። "መኪናው ያንተ ቤንዚኑ የኔ" አሉ።

አርብ፣ ዋሽንግተን እና ባልቲሞር

ጠዋት 2 ሰዓት ላይ 9ኛ ጎዳና ካሉት የኛ ቤቶች አንዱ ጋ ፍርፍርና ቡና በላን ጠጣን፣ ለሁለት 41 ዶላር ከነቲፑ፣ አዲስ አበባ በዚህ ብር ሰርግ ትደግሳለህ አሉ ጋሼ፣ በየቀኑ ነው የሚሉት። ከዛ በእግር ሃዋርድ ቲያትር ጥግ ነው። እዚህ ሰፈር ስንት ዓመት ስመላለስ፣ ክትፎ ልበላ ስመጣ ያለፍኩት ህንፃ፣ በ1910 የተከፈተ፣ ዱክም ኤላም የተጫወቱበት መድረክ እንደሆነ አላውቅም ነበር፣ አፈርኩ። ፊት ለፊቱ የዱክ ሀውልት አለ፣ የሚያብረቀርቅ ብረት ነው፣ በሙዚቃ ምልክት ላይ ቁጭ ብሎ ፒያኖ ይጫወታል፣ ጠዋት ፀሀይ ሲያርፍበት አይን ይወጋል።

ጋሼ "ና ቤቱን ላሳይህ" ብለው 13ኛ ጎዳና ወሰዱኝ። ዱክ ያደገባቸው ሁለት ቤቶች ናቸው፣ 1805 እና 1816፣ መንገዱን ተሻግረህ ታገኛቸዋለህ፣ ሰው ስለሚኖርባቸው ቆመን ከማየት በቀር ምንም የለም። የገረመኝ ግን ከዱክ ቤት እስከ ኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶቹ የደቂቃዎች መንገድ መሆኑ ነው። ሰውዬው ደግሞ እኛ አገር መጥቷል እኮ! በ1966 ዓ.ም ህዳር ላይ፣ ማለትም በፈረንጅ 1973፣ አዲስ አበባ መጥቶ ተጫውቷል፣ ሙላቱ አስታጥቄ አብሮት ሰርቷል፣ ጃንሆይም ኒሻን ሸልመውታል። ጋሼ ያኔ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነበሩ፣ "ለመግቢያ የሚሆን ሳንቲም ቀርቶ ለመግቢያ የሚሆን ጫማ አልነበረኝም" አሉኝ፣ ከዛ ዝም አሉ። መኪናው ጋ ስንመለስ የፓርኪንግ ቅጣት መስታወቱ ላይ ተለጥፎ ጠበቀን፣ 28 ዓመት ታክሲ የነዱት ሰውዬ ናቸው "እዚህ ይቻላል አቁም" ያሉኝ።

ባልቲሞር አንድ ሰዓት ነው። እዚያ ያስቆመን ቢሊ ሆሊዴይ ናት፣ የተወለደችው ፊላደልፊያ ቢሆንም ያደገችው ባልቲሞር ነው። ፔንሲልቬኒያ አቬኑ ላይ ሀውልቷ አለ፣ ፀጉሯ ላይ አበባዋን ሰክታ አፏን ከፍታ ስትዘፍን። ሰፈሩ የተጎዳ ሰፈር ነው፣ መስኮታቸው በጣውላ የተመታ ቤቶች አሉ፣ ድሮ ሁሉም ትልልቅ ባንዶች የሚመጡበት ሮያል ቲያትር እዚያው አጠገብ ነበር፣ በ1971 አፍርሰውታል። የሀውልቱን እግር ዞረህ ካላየህ ግን አላየኸውም፣ ስሩ ላይ የተቀረፁ ምስሎች አሉ፣ አንዱ ላይ ቁራ አበባዋን ሲበላ፣ ሌላው ላይ በገመድ የተሰቀለ ሰው። ጋሼ ኮፍያቸውን አወለቁ።

እዚያው ቆሜ ያነበብኩትን ነገርኳቸው። በ1937 ከካውንት ቤዚ ባንድ ጋር ስትዞር ዲትሮይት ላይ "ቆዳሽ ነጣ ስላለ ተመልካቹ ነጭ ሴት ከጥቁሮች ጋር ትዘፍናለች ይላል" ብለው ፊቷን የሚያጠቁር ቅባት አስቀቧት፣ በዓመቱ ደግሞ ከነጩ ከአርቲ ሾው ባንድ ጋር ስትዘፍን ኒውዮርክ ውስጥ ያለ ሆቴል እንግዳ በሚወጣበት አሳንሰር አትውጪ፣ በእቃ ማመላለሻው ውጪ አሏት። አንዴ ነጣሽ፣ አንዴ ጠቆርሽ። ጋሼ "ታዲያ ይሄ የባንዱ ጥፋት ነው?" አሉ፣ አይደለም፣ ግን ፈረስና ጋላቢ ያሉት ነገር እዚህ ጋ አልሰራላቸውም መሰለኝ መልስ ሳይጠብቁ ወደ መኪናው ሄዱ።

ምሳ ሌክሲንግተን ገበያ ገባን። የባልቲሞር ሰው የሚምልበት ክራብ ኬክ አለ፣ ሀያ ምናምን ዶላር ነው፣ የቡጢ ያህል የሸርጣን ስጋ፣ ዱቄት ብዙ የሌለበት፣ ቅቤው የሚንጠባጠብ። ጋሼ አዩት፣ አሸተቱት፣ "ይሄማ ነፍሳት ነው" ብለው ባለቤታቸው የጠቀለለችላቸውን ድፎ ዳቦ ፈቱ። ገበያ መሃል ድፎ እየቆረሱ ሶስት የማያውቋቸው ሰዎች አቀመሱ። አንዷ ሴትዮ ኮርን ብሬድ ነው ወይ አለቻቸው፣ የሱ አጎት ነው አሏት።

ከባልቲሞር እስከ ኒውጀርሲ ያለውን መንገድ አልፅፍም፣ ቶል፣ መሿለኪያ፣ ቶል፣ ድልድይ፣ ቶል። ደላዌር የምትባለው ስቴት ለቶል መሰብሰቢያ የተሰራች ነው የምትመስለው። አንድ ነገር ብቻ፦ ተርንፓይኩ ላይ መሽቶ ሬዲዮ ስነካካ 88.3 ላይ ደብሊው ቢ ጂ ኦ፣ የኒውዋርክ የጃዝ ጣቢያ፣ መጀመሪያ እየተንሿሿ፣ ከዛ እየጠራ መጣ። ኤላ ነበረች፣ ልደቷ ነዋ። ጋሼ ተኝተው ነበር፣ አይናቸውን ሳይገልጡ "ድራሙን ስማ" አሉኝ።

ቅዳሜ፣ ኮሮና

ያደርነው ኒውዋርክ ነው፣ ማንሃታን የሆቴል ዋጋ የሚቀመስ አይደለም። የያዝነው ሆቴል ፎቶው ላይ ሌላ፣ በአካል ሌላ፣ ምንጣፉ ሲጋራ ሲጋራ ይላል፣ ማሞቂያው ሌሊቱን ሙሉ እንደ ሚክሰር ይጮሃል። መኪናውን እዚያው ትተን በፓዝ ባቡር 3 ዶላር፣ ከዛ ኢ ባቡር፣ ከዛ 7 ቁጥር፣ ኩዊንስ ኮሮና ወረድን፣ የሉዊ አርምስትሮንግ ቤት። ቅዳሜን ለዚህ የመደብነው ሙዚየሙ ሀሙስ፣ አርብና ቅዳሜ ብቻ ስለሚከፍት ነው፣ ልትሄዱ ያሰባችሁ ልብ በሉ።

አርምስትሮንግ ያን ያህል ዝነኛ ሆኖ የት ቢኖር ጥሩ ነው? ተራ የሰራተኛ ሰፈር ውስጥ ተራ ቤት። ሚስቱ ሉሲል በ1943 ገዛችው፣ በ1971 እዚያው ሞተ። 20 ዶላር ከፍለን ገባን፣ ስምንት ሰው ሆነን በአስጎብኚ። ወጥ ቤቱ ከላይ እስከ ታች ሰማያዊ ነው፣ ቁም ሳጥኑ እንደ መኪና ቀለም ያብለጨልጫል፣ መታጠቢያ ቤቱ ግድግዳው መስታወት ቧንቧው ወርቅማ። ከሁሉም የወደድኩት ግን የስራ ክፍሉን ነው፣ የቴፕ መቅጃዎቹ ያሉበት። ሰውዬው ቤቱ ውስጥ ወሬውን፣ ሳቁን፣ ልምምዱን ሁሉ ይቀዳ ነበር፣ አስጎብኚዋ ቁልፍ ስትጫን ድምፁ ከግድግዳው ይወጣል፣ ያ ሻካራ ድምፅ፣ ሳሎን ውስጥ ቁጭ ብሎ የሚያወራ። ጋሼ ዞር ብለው በሩን አዩ።

አርምስትሮንግ የኔንና የጋሼን ክርክር የሚያበላሽ ሰው ነው፣ ጥሩምባውም እሱ ድምፁም እሱ። ስንወጣ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው ፎቶ አነሳኋቸው፣ እሱ ከሰፈሩ ልጆች ጋር የተነሳው ዝነኛ ፎቶ ያለው እዚያ ደረጃ ላይ ነው። ዝናብ ጀመረን። ባቡር ጣቢያው ስር ከጋሪ ላይ ታማሌ ገዛን፣ በበቆሎ ቅጠል የተጠቀለለ ትኩስ ነገር፣ ጋሼ እንደ ሙልሙል ገልብጠው ከነቅጠሉ ሊገምጡት ሲሉ ሻጯ ጮኸችባቸው።

እሁድ፣ ሃርለም

ዳግማይ ትንሳኤ ነው። ጋሼ ጠዋት ስልካቸው ላይ ቅዳሴ ሰምተው ሲጨርሱ ወጣን። ዱክ አንድ ወጣት ደራሲ ቤቱ ሲጋብዘው እንዴት እንደሚመጣ መንገዱን ፃፈለት፣ ልጁ ቢሊ ስትሬይሆርን ከዚያ ተነስቶ ዘፈን ሰራበት፣ ኤ ባቡርን ያዝ የሚለው፣ የባንዱ መለያ ሆኖ ቀረ። እኛም ለክብሩ በኤ ባቡር ነው ሃርለም የምንገባው አልን። ተሳፈርን፣ ወሬ ያዝን፣ ጋሼ ስለ ባንዱ ሳክስፎኖች ያወራሉ፣ ቀና ስል ኖስትራንድ አቬኑ ይላል። ብሩክሊን! ባቡሩ ኤ ነው፣ አቅጣጫው ነው የተገላቢጦሽ። ዘፈኑ ወደየት እንደሆነ ይናገራል፣ በየትኛው በኩል ቁም አይልም። አንድ ሰዓት አቃጠልን።

125ኛ ጎዳና ወርደን አፖሎ ቲያትር። እሁድ ዝግ ነበር፣ ከውጭ ብቻ ነው ያየነው፣ ግን ለኔ በቂ ነው። ኖቬምበር 21፣ 1934 አንዲት 17 ዓመት የሆናት፣ እናቷ የሞተችባት፣ ማደሪያ እንኳን የሌላት ልጅ እዚህ የአማተሮች ውድድር ላይ ልትጨፍር ነበር የመጣችው፣ ልትዘፍን አይደለም። ከሷ በፊት የወጡት እህትማማቾች ጭፈራቸው ሲያስፈራት እግሯ ከዳት፣ እዚያው መድረኩ ላይ ሀሳቧን ቀይራ ዘፈነች፣ አሸነፈች፣ 25 ዶላር። ኤላ ፊትዝጄራልድ እንዲህ ነው የተፈጠረችው። ጋሼም ስለ ኤላ ሲሆን ድምፃቸው ይለሰልሳል፣ ግን ወዲያው ቺክ ዌብን ያመጣሉ።

ማምጣታቸው ደግሞ ልክ ነው። ቺክ ዌብ የባልቲሞር ልጅ ነው፣ አከርካሪው በቲቢ የተጎዳ፣ ቁመቱ በጣም አጭር፣ ከድራሙ ጀርባ ጭንቅላቱ ብቻ የሚታይ፣ ግን ሃርለም ውስጥ ሳቮይ የሚባለው ትልቁ የዳንስ አዳራሽ ንጉስ ነበር። ኤላን መጀመሪያ ባላየ አልፏት ነበር ይባላል፣ አለባበሷን አይቶ፣ በኋላ ሞከራትና በ1935 ባንዱ ውስጥ ገባች። በ1937 ቤኒ ጉድማን ባንዱን ይዞ ሳቮይ ሊፎካከረው መጣ፣ ጂን ክሩፓ የሚባለውን የአገሪቱን ስመ ጥር ድራመር ይዞ፣ ቺክ ዌብ አሸነፋቸው፣ ክሩፓም ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳው። በሁለተኛው ዓመት ቺክ ዌብ ሞተ፣ 34 ዓመቱ ነበር፣ ከዛ በኋላ ባንዱን በስሟ የመራችው ኤላ ናት። ይሄንን ስል ጋሼን በጎን አየኋቸው፣ ጋላቢው ፈረሱን አበላው ወይስ? አልመለሱልኝም፣ አውቶቡስ መጣ አሉ።

ሳቮይ የለም። ሌኖክስ አቬኑ ላይ ከ140ኛ እስከ 141ኛ ሙሉ ብሎኩን ይዞ ነበር፣ ሁለት መድረክ ነበረው፣ አንዱ ባንድ ሲያቆም ሌላው ይቀበላል፣ ሙዚቃ አይቋረጥም፣ ጥቁርና ነጭ አብሮ ይጨፍርበት ነበር። በ1958 ተዘጋ። አሁን አፓርታማ ነው፣ ትንሽ የመታሰቢያ ድንጋይ አለ፣ ሁለት ጊዜ አልፈነው ሄድን፣ ሶስተኛው ላይ ውሻ የምታንሸራሽር ሴትዮ አሳየችን። በዚያ ቦታ ላይ ቆሜ የሚሰማኝን ለመስማት ሞከርኩ፣ የተሰማኝ የአውቶቡስ ፍሬን ነው።

ምሳ ሲልቪያስ ገባን፣ ከ1962 ጀምሮ ያለ ቤት ነው፣ ረጅም ሰልፍ፣ 40 ደቂቃ ቆመን። የተጠበሰ ዶሮ፣ ማካሮኒ በቺዝ፣ ኮላርድ ግሪንስ። ግሪንሱ ሲመጣ ሁለታችንም ሳቅን፣ ጎመን በስጋ ነው በቃ! በጢስ የታሸ ስጋ ገብቶበት፣ ቃሪያ ብቻ የጎደለው፣ እንጀራ ቢኖር ያልቅ ነበር። ለሁለት ሰው ከነቲፑ 78 ዶላር።

ማምሻውን አምስተኛ አቬኑና 110ኛ ጥግ ላይ ያለውን የዱክ ሀውልት ልናይ ወረድን። ከፍታው 25 ጫማ ነው፣ ዱክ ከፒያኖው ጎን ቆሟል፣ ፒያኖውን የተሸከሙት ደግሞ ዘጠኝ ሴቶች ናቸው፣ ራቁታቸውን። ጋሼ ቀና ብለው አይተው ቶሎ ወደ መሬት። "ዛሬ ዳግማይ ትንሳኤ ነው እኮ" አሉኝ፣ እኔ ያቆምኳቸው ይመስል።

ሰኞ፣ ኒውዋርክ እና ቫንጋርድ

ጠዋት የሳራ ቮን ሰፈር ነን፣ የኒውዋርክ ልጅ ናት፣ ማውንት ዛየን ባፕቲስት ቤተክርስቲያን ውስጥ እየዘመረችና ፒያኖ እየተጫወተች ያደገች፣ እሷም በአፖሎ ውድድር አሸንፋ በ1943 የኧርል ሃይንስ ባንድ ውስጥ የገባች። ብዙ የሚታይ ነገር አላገኘንም፣ ፖርቹጋሎቹ ሰፈር ፌሪ ጎዳና ሄደን የእንቁላል ኬካቸውን በማኪያቶ በላን፣ ዳሩ የሚንኮሻኮሽ መሃሉ የሚቀልጥ፣ ጋሼ አራት በሉ፣ ስኳር እንዳለባቸው ለባለቤታቸው አትንገር ተብያለሁ (እየነገርኩ ነው)።

እዚያ ቁጭ ብለን ነው ዋናው ክርክር የሆነው። ጋሼ ቢግ ባንድን የገደሉት ዘፋኞች ናቸው አሉ። እኔም ታሪኩን ነገርኳቸው፦ በ1942 የሙዚቀኞች ማህበር ከሸክላ ኩባንያዎች ጋር ተጣልቶ አባላቱ እንዳይቀዱ ከለከለ፣ ዘፋኞቹ ግን የማህበሩ አባል ስላልነበሩ በመዘምራን ታጅበው መቅዳት ቻሉ፣ ነገሩ ከሁለት ዓመት በላይ ቆየ፣ ባንዶቹ ሲመለሱ ህዝቡ የሚጠራው የዘፋኙን ስም ሆኖ ነበር፣ በዚያ ላይ ጦርነት፣ የነዳጅ ኮታ፣ 16 ሰው በአውቶቡስ ይዞ መዞር የማይቻልበት ጊዜ። ከዛ በፊት እኮ ዘፋኝ መድረኩ ዳር ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ተራዋን ትጠብቃለች፣ ባንዱ ይጀምራል፣ ተነስታ አንድ ዙር ትዘፍናለች፣ ትቀመጣለች። "እኛም ጋ እንደዛ ነበር" አሉ ጋሼ፣ "ጥላሁንም ቢሆን ኦርኬስትራው ውስጥ ካሉት አንዱ ነበር፣ ወታደር ነዋ፣ ወጥቶ ዘፍኖ ይመለሳል።" ቀጠሉና "ግን ሲመለስ ህዝቡ አይለቀውም ነበር" አሉ። አሃ!

ማታ ቪሌጅ ቫንጋርድ። ከ1935 ጀምሮ ያለ፣ ምድር ቤት ውስጥ ያለ የጃዝ ክለብ ነው፣ ከ1966 ጀምሮ ሰኞ ሰኞ ቢግ ባንድ አለ፣ ታድ ጆንስና ሜል ሉዊስ የጀመሩት፣ እነሱ ካለፉ በኋላም አልቆመም። መግቢያው 40 ዶላር፣ አንድ መጠጥ ደግሞ ግዴታ። የጋሼ ጉልበት ደረጃውን አልወደደውም፣ ቁልቁል 15 ደረጃ፣ ክንዴን ጨምድደው ወረዱ። ቤቱ ጠባብ ነው፣ 120 ሰው ቢይዝ ነው፣ እንደ ተቆረሰ ኬክ እየጠበበ ወደ መድረኩ ይሄዳል፣ ስልክ ማውጣት ክልክል። ወንበራችን ከፊት ስለሆነ ትሮምቦኑ ሲዘረጋ የጋሼ ቢራ ጋ ሊደርስ ምንም አይቀረው።

16 ሰው ነው። አምስት ሳክስፎን ከፊት፣ አራት ትሮምቦን፣ አራት ትራምፔት ከኋላ ቆመው፣ ፒያኖ፣ ቤዝ፣ ድራም። ማጉያ የሚባል ነገር ለትንፋሽ መሳሪያዎቹ አያስፈልጋቸውም። እስከዛሬ በጆሮ ማዳመጫ ስሰማ አንድ ድምፅ የሚመስለኝ ነገር እዚህ ስታየው የሰው ትንፋሽ ነው፦ አምስቱ ሳክስፎኖች ከመጀመራቸው በፊት አብረው አየር ሲስቡ ትሰማለህ፣ ትከሻቸው እኩል ይነሳል፣ ከዛ የሚወጣው ድምፅ ሙቀት አለው። አንድ ቀስ ያለ ዘፈን ላይ መሪው አልቶ ሳክስ ዜማውን ብቻውን ያዘ፣ ሌሎቹ ከስሩ በጣም ዝቅ ብለው፣ ሰውዬው ቃል የሌለው ዘፈን ነው የሚዘፍነው፣ ትንፋሹን የሚቆርጥበት ቦታ ሁሉ ቢሊ የምትቆርጥበት ቦታ ነው። ዳር ያለው ትሮምቦን ተጫዋች ተራው እስኪደርስ የመሳሪያውን ውሃ እግሩ ስር ጨርቅ ላይ ያንጠባጥባል፣ ቆጥሮ ቆጥሮ ያነሳና አንዲት ኖታ ብቻ፣ ወለሉ ነዘረ።

በሁለት ዘፈን መሃል ወደ ጋሼ ዞሬ እጅ ሰጥቻለሁ ልል ስል ቀደሙኝ። ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብለው "ሁሉም አለ፣ አንድ ዘፋኝ ቢጨምሩበት" አሉኝ። አራት ቀን ሙሉ!

ስንመለስ ፓዝ ባቡር ከእኩለ ሌሊት በኋላ 35 ደቂቃ አስጠበቀን።

ማክሰኞ፣ ውድሎን

የዱክ ልደት ነው፣ 126 ዓመቱ። በ4 ቁጥር ባቡር መጨረሻው ድረስ፣ ብሮንክስ፣ ውድሎን መቃብር። ቢሮው ካርታ ይሰጣል፣ የታዋቂዎቹ ቦታ ምልክት ተደርጎበታል። መቃብር አትበለው፣ ትልቅ መናፈሻ ነው፣ ዛፉ ሁሉ አብቦ ነበር፣ ጋሼ የኛ አገር ቤተክርስቲያን ግቢ መሰለኝ አሉ፣ ግን ይሄ መኪና የሚነዳበት ነው፣ መንገዶቹ ስም አላቸው፣ እኛም ጠፋን፣ አንድ ሰዓት ዞርን።

ዱክ ከአንድ ትልቅ ዛፍ ስር ነው፣ ሁለት የድንጋይ መስቀሎች ቆመዋል፣ ድንጋዩ መሬት ላይ ነው። ከኛ በፊት የመጣ ሰው አበባ ጥሏል። እዚያው ቅርብ ማይልስ ዴቪስ አለ፣ ጥቁር የሚያብረቀርቅ ግራናይት ላይ ትራምፔት ተቀርፆበት፣ "ሰር" የሚል ማዕረግ ታክሎበት፣ ላየነል ሃምፕተንም ጎረቤት ነው። ጋሼ ማይልስን አላናገሩትም፣ ከዱክ ፊት ቆመው ነው የቀሩት። "ከኛ አገር በተመለሰ በስድስት ወሩ ሞተ፣ ኒሻኑን የሰጡት ንጉስም በዓመቱ ከዙፋን ወረዱ" አሉ። ከዛ የቀረችውን የድፎ ቁራሽ ከኪሳቸው አወጡ፣ ግማሹን ሰጡኝ፣ ቆመን በላን። ደርቋል።

ለሳቸው ብዬ ስልኬ ላይ ዱክ በ1932 የቀዳውን፣ አይቪ አንደርሰን የዘፈነችበትን፣ ከፈትኩ፣ ትሮምቦኑን ስለሚወዱት፣ ያ ታፍኖ እንደ ሰው የሚያጉረመርመው ትሮምቦን። ከዛፉ ስር አይናቸውን ጨፍነው እጃቸውን እንደ ስላይድ እያንቀሳቀሱ ነው። በሩ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ይዘጋል፣ የጥበቃው መኪና ቀስ እያለ መጥቶ አጠገባችን ቆመ፣ ሰውዬው መስኮቱን አውርዶ ልንዘጋ ነው አለን። እኔ ስልኩን ላጠፋ ስል ጋሼ አይናቸውን ሳይገልጡ እጄን ያዙኝና በአማርኛ ለሰውዬው መለሱለት።

"ትንሽ ይጠብቅ በለው፣ ዘፋኟ ልትገባ ነው።"